ቀበቶ የሚፈታበት መንገድ

በዚያ ዓመት የበረዶ ወራት የእናቴ ቀኝ እግር ዕረፍት አጣ።

እራት ላይ ተቀምጠን፣ ድንቹ ከነልጣጩ በጎድጓዳ ሳህን ተቆልሎ፣ የተጠበሰው ዓሣ ሽታ ቤቱን ሞልቶት፣ ከጠረጴዛው ሥር እግሯ ይሰማኛል። ወለሉን ጫን፣ ለቀቅ። ጫን፣ ለቀቅ። ፊቷ ላይ ምንም የለም። ለአባቴ ዳቦ ትቀባለች፣ ለእኔ እሾህ ትለቅማለች፣ እግሯ ግን ከእኛ ጋር አልነበረም። የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ። የስምንት ዓመት ልጅ ያልገባትን ነገር ባዶውን አትተወውም፤ ከራሷ ቀድታ ትሞላዋለች። እኔም ሞላሁት። እግሯ ለመሄድ ቸኩሏል፣ እናቴ ጥላን ልትሄድ ነው አልኩ።

ይህን ከሜዳ አላመጣሁትም። ባለፈው ዓመት የጓደኛዬ የካይሪ እናት እንዲሁ ሄዳለች። ደሴታችንን የከበበው ባሕር በብርድ ረግቶ፣ ጠንክሮ መኪና በላዩ መሄድ በጀመረ ሰሞን፣ አንድ ጧት ሻንጣዋን ይዛ ፊንላንድ ለሥራ ሄደች። "ለፋሲካ እመጣለሁ" ብላ ነበር፤ ፋሲካ መጣ፣ እሷ አልመጣችም። ከዚያ ወዲህ የካይሪን ጸጉር የሚጎነጉንላት አባቷ ነው፤ ምስኪን፣ ክፍፍሉ ሁልጊዜ ወደ ግራ ያጋድልበታል። ትምህርት ቤት ከኋላዋ ተቀምጬ ያንን ጠማማ መስመር ሳይ የራሴን ጸጉር በእጄ እዳስስ ነበር።

ካይሪ በጉዳዩ አዋቂ ሆና ነበር። "ምልክት አለው" አለችኝ አንድ ቀን፣ የበረዶ ስብርባሪ እየመጠጠች። "መጀመሪያ ብቻቸውን ያወራሉ። አንቺ ስትገቢ ዝም ይላሉ። ከዚያ ሻንጣው ከአልጋ ሥር ይወጣል። ከዚያ 'ለሁለት ቀን አክስትሽ ጋ ትሆኛለሽ' ይሉሻል።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ አባትሽ ጸጉርሽን ያበጥርሻል።"

አባቴ ቶይቮ የደሴቷን ዳቦ የሚያድል መኪና ሹፌር ነበር። ከዳቦ ቤቱ ተነስቶ በየመንደሩ ሱቅ ያደርሳል፤ እኔም ትምህርት በሌለ ቀን ጋቢና ውስጥ እሳፈርና ትኩስ ዳቦ ላይ ደገፍ ብዬ እሞቃለሁ። በዚያ መኸር ግን "ወገቤን" ብሎ ሥራውን ተወ። ቤት ሲውል ደግሞ ሌላ ሰው ሆነ። የበሩን መቃን በትከሻው ይመታል፣ የወተት ብርጭቆ በክርኑ ይደፋል፣ የጎረቤታችንን የፖስታ ሣጥን በመኪና ገጭቶ ጣለው። ሱቅ ውስጥ ሴቶቹ ሲንሾካሾኩ ሰምቻለሁ። "ከጧቱ መቅመስ ጀምሯል መሰለኝ" አለች አንዷ። "ጨዋ ሰው ነበር እኮ" አለች ሌላዋ፣ እንደ ሞተ ሰው። እኔም አባቴ ሲተኛ በእግር ጣቴ ሄጄ አፉን አሸተትኩ። ሳሙናና የዓሣ መረብ ብቻ ነበር የሚሸተው። የሰከረ ሰው እንዴት እንደሚሸት ስለማላውቅ፣ ያ ራሱ የመጠጥ ሽታ ይሆናል ብዬ ተመለስኩ።

ወገቡ ደህና ነበር። አሁን ሳስበው በዚያ ክረምት ቤታችን ውስጥ ከተባለው ሁሉ ውሸቱ ያቺው የወገቡ ነገር ብቻ ነበረች፤ ሌላውን ሁሉ እውነቱን እያየሁ ራሴ ነኝ ያጣመምኩት።

ቤት የነበረችው መኪናችን ከጀርመን አገር አገልግላ የመጣች ናት። በረዶውን ለማቅለጥ መንገድ ላይ የሚረጨው ጨው ሽቦዋን በልቶት፣ ዳሽቦርዷ ላይ አንዲት ብርቱካንማ መብራት በራች፤ ከዚያ ወዲያ አልጠፋችም። ምን ማለት እንደሆነች አባቴን ጠይቄው ነበር።

"ኤቢኤሱ ታሟል ማለቷ ነው" አለኝ።

"ፍሬን የለንም?"

"ፍሬንማ አለን። ድሮ ፍሬኑን አጥብቀሽ ስትረግጪ፣ ጎማው እንዳይቆለፍ መኪናዋ ራሷ ያዝ ለቀቅ፣ ያዝ ለቀቅ ታደርግ ነበር። አሁን ያንን አታውቅም። በረዶ ላይ ዝም ብለሽ ከረገጥሽ ጎማው ቀጥ ይላል፤ ጎማው ቀጥ ካለ ደግሞ መሪውን ብታዞሪው ባታዞሪው ያው ነው።"

"ታዲያ አታሠራውም?"

"ዕቃው እስኪመጣ በረዶው ይቀልጣል። እስከዚያ የነጂው እግር ነው መሥራት ያለበት።" ይህን ሲል ዓይኑ መብራቷ ላይ ሳይሆን ከእሷ ትንሽ ወደ ጎን ነበር። ያኔ አላጤንኩትም።

አንድ እሑድ ከካይሪ ጋር ከጀልባ ማቆሚያው ጀርባ ስንሸራተት የሞተር ድምፅ ሰማን። መኪናችን ሰላጤው ውስጥ፣ የባሕሩ በረዶ ላይ ነበረች። መሪው ላይ የተቀመጠችው እናቴ ናት። እናቴ ስትነዳ አይቼ አላውቅም፤ መንጃ ፈቃዷ ከልብስ ሣጥኑ ሥር ከሠርግ ፎቶዋ ጋር የሚቀመጥ የማስታወሻ ዕቃ ነበር። መኪናዋ ትሮጣለች፣ ድንገት ትንሸራተታለች፣ ዞራ ፊቷን ወደመጣችበት አድርጋ ትቆማለች። ደግሞ ትነሳለች። አባቴ በረዶው መሃል ቆሟል፣ ጀርባውን ሰጥቷታል። በዚያ ውርጭ የቆቡን ጆሮ ወደ ላይ አጥፎታል። አንዳንዴ አንድ እጁን ያነሳል፣ ያወርዳል። አንዴም አልዞረም።

"ተጣልተዋል" አለች ካይሪ።

"አልተጣሉም።"

"ታዲያ ለምን አያያትም? የኔም አባት እንደዚሁ ነው ያደረገው። ስትሄድ እንኳ አልዞረላትም።"

እናቴ ራሷን ችላ ለመሄድ መንዳት እየተማረች ነው፣ አባቴ ደግሞ አስተምረኝ ስላለችው ተቀይሞ ጀርባውን ሰጣት፤ በልጅ ጭንቅላቴ ሁሉም ነገር ገጠመ። ቤት ስገባ እናቴ ጉንጯ ቀልቶ፣ ዓይኗ አብርቶ አገኘኋት። ደስ ብሏታል። ያ ደስታ ነው ከሁሉ ያቆሰለኝ።

በዚያው ሰሞን በግድግዳው በኩል ሲያወሩ ሰማኋቸው። ምድጃው ከሁለቱም ክፍል ጋር ስለሚዋሰን ሙቀቱም ወሬውም በእሱ በኩል ያልፋል።

"ሐሙስ መሄድ አለብኝ" ትላለች እናቴ። "በረዶው ከዚያ በላይ አይጠብቀኝም። በረዶውን የለኩት አጎቴ ኤልማር ዳር ዳሩ መሰንጠቅ ጀምሯል ብለዋል።"

"ትችያለሽ።"

"አንተ አጠገቤ ብትሆንም ባትሆንም እኮ ብቻዬን ነኝ፣ ቶይቮ።"

"አውቃለሁ። ከአሁን በኋላ እንደዚያ ነው። ለዚህ አይደል ልመጂው የምልሽ?"

ከዚያ እናቴ "ልጅቷስ?" አለች።

"ነገሩ ሲያልቅ ትሰማለች። አሁን ብትነግሪያት ነገ ትምህርት ቤቱ በሙሉ ያውቃል።"

"ሰው ምን ይለኛል ብለህ ነው?"

"ሰውማ ጠጪ ብሎኛል። እሱ ይሻለኛል።"

ትራሴን ነክሼ አለቀስኩ። ረቡዕ ሻንጣው ከአልጋ ሥር ወጣ። ማታ ላይ እናቴ ጸጉሬን ጎንጉናልኝ ስታበቃ፣ "ቪርጌ፣ ለሁለት ቀን አክስትሽ ጋ ትሆኛለሽ" አለችኝ። የካይሪ ምልክቶች አንድም ሳይቀሩ መጡ። ጉንጉኑን እንዳይፈታብኝ ብዬ በደረቴ ተኛሁ።

ሐሙስ ጧት የትምህርት ቤት ቦርሳዬን አንግቼ ደህና ዋሉ ብዬ ወጣሁና፣ በማገዶ ቤቱ ዞሬ መኪናዋ ውስጥ ገባሁ። ከኋላ ወንበሩ ፊት፣ ወለሉ ላይ፣ ሌሊት ሌሊት ሞተሩ የሚለብሰው አሮጌ ብርድ ልብስ ነበር። ከሥሩ ገባሁ። ዘይት ይሸታል፣ ይኮሰኩሳል። ሐሳቤ ግልጽ ነበር። ማዶ፣ ዋናው ምድር ላይ እስክንደርስ እደበቃለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ሊመልሱኝ ስለማይችሉ ብድግ ብዬ "እኔንም ውሰጂኝ" እላታለሁ። መድረሳችንን የማውቅበት ነገርም ነበረኝ። በባሕሩ በረዶ ላይ የወንበር ቀበቶ አይታሰርም፤ በረዶው ከከዳ ሰው ቶሎ መውጣት አለበትና። ማዶ ወጥተን ምድር ስንረግጥ ሁላችንም እናስራለን። ያቺ ቀጭ የምትል ድምፅ ለደሴት ልጅ ደረስን ማለት ነበረች።

በሮቹ ተከፍተው ተዘጉ። አባቴም ገባ፣ ግን የገባው በተሳፋሪው በኩል ነው። ሊሸኛት ነው አልኩ።

የበረዶው መንገድ መግቢያ ላይ ቆምን። ሽማግሌው ኤልማር ነበር መንገዱን የሚጠብቀው፤ በየጧቱ በረዶውን እየበሳ ውፍረቱን ይለካል፣ የሚያልፈውን ሁሉ ይተርባል። መስኮቱ ሲወርድ ድምፁ ገባ።

"ቶይቮ! ምነው ዛሬ እንደ ቄስ ሚስት ከጎን ተቀመጥክ?"

"ወገቤን ነው።"

"ወገብህን ነው ወይስ ማታ የቀመስካትን?"

"ይልቅ በረዶው እንዴት ነው፣ አጎቴ ኤልማር?" አለች እናቴ ቶሎ ብላ።

"በረዶውስ ከባልሽ ይሻላል፣ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ቀበቶ ፍቱ፣ በር እንዳትቆልፉ። አትቁሚ፣ አትሩጪ፣ ከፊትሽ ካለው መኪና ራቂ።" ከዚያ አንገቱን አስግጎ ወደ ውስጥ አየ መሰለኝ። "ይቺ መብራትስ ምን እያለች ነው?"

"ኤቢኤሱ አይሠራም እያለች ነው።"

"ታዲያስ?"

"ታዲያማ እግሬ ይሠራል።"

ኤልማር ሳቀና አሳለፈን። እኔ ግን ከብርድ ልብሱ ሥር ያቺን መልስ ጠላኋት፤ እንደ ሌላ ሴት ድምፅ ሆነችብኝ።

በረዶው ከሥራችን ያጉተመትማል። አልፎ አልፎ ከሩቅ እንደ ወፍራም ጣውላ ስንጥቅ ይላል። ወላጆቼ ብዙ አላወሩም። አባቴ ብቻ "ኋላሽ ሰው አለ?" ይላል፤ "የለም" ስትለው "እስቲ ፍሬኑን በቀስታ ሞክሪው" ይላታል። ለምን ራሱ ዞሮ እንደማያይ አሰብኩ። እናቴን ማየት እንኳ አስጠልቶታል ማለት ነው አልኩ።

መኪናዋ የማዶውን ዳገት ስትወጣ ነጠረች። ምድር ነው። ትንፋሼን ይዤ ቀጭ የምትለዋን ጠበቅኩ። አልመጣችም። ጎማው አስፋልት ላይ ይሰማኛል፣ ጠበቅኩ፤ አሁንም የለም። ሁልጊዜ "ቀበቶ!" የሚለን አባቴ ነበር፣ የሹፌር ሥራ ነውና። ያን ቀን ሹፌሯ እናቴ ነበረች። እሱ የእሷ ፋንታ ነው ብሎ ተወው፣ እሷ የእሱን ድምፅ ጠበቀች። የደሴታችንን ሰው እንዲህ ያለው መዘንጋት ነው የሚገድለው፤ ባሕሩን በሰላም ተሻግሮ፣ ተገላገልኩ ብሎ፣ ቀበቶውን እንደፈታ ምድር ላይ ይሞታል።

ማታ ዝናብ ጥሎ ሌሊቱን መንገዱን በበረዶ ለብጦት አድሯል። ወደ ድልድዩ የሚወርደው ቁልቁለት ላይ ስንደርስ የእናቴ ትንፋሽ ሲቆራረጥ ሰማሁ።

"ቶይቮ፣ ግንድ የጫነ መኪና! ድልድዩን ዘግቶ ተጋድሟል!"

"ምን ያህል ይርቃል?"

"እኔ እንጃ! ቅርብ ነው!"

"ማርሽ ቀንሺ። አትደንግጪ። አሁን እግርሽን።"

ሞተሩ አጉረመረመ። ከዚያ ሰማኋት፤ ያቺው የእራት ሰዓት እግር። ጫን፣ ለቀቅ። ጫን፣ ለቀቅ። ከዚያ የጎማው ድምፅ ድንገት ጠፋና ሁሉም ነገር ጸጥ አለ። መኪናዋ ያለ ድምፅ ትንሸራተታለች። እንደዚያ ያለ ጸጥታ ከዚያ በፊትም ከዚያ ወዲህም ሰምቼ አላውቅም።

"ተቆልፏል፤ ልቀቂ!" አለ አባቴ።

"እንገጨዋለን!"

"ልቀቂ ኡርቬ፣ ካልለቀቅሽው መሪው አይሰማሽም! ልቀቂና ወደ በረዶ ቁልሉ አዙሪ!"

የጎማው ድምፅ ተመለሰ። መኪናዋ ወደ ቀኝ ታጠፈች፣ የመንገድ ዳሩን ቁልል በጎኗ ፈተገችው፣ እግሯ ደግሞ ጫን፣ ለቀቅ፣ ጫን አለ፤ አንድ ለስላሳ ነገር ውስጥ ገብተን ቆምን። እኔ ተወርውሬ የፊት ወንበሩን ጀርባ በግንባሬ መታሁና ጮኽኩ።

እናቴም ጮኸች። ብርድ ልብሱ ሲገፈፍ ፊቷ እንደ ወረቀት ነጭ ነበር። "አምላኬ! ቪርጌ! ምን ትሠሪያለሽ እዚህ?"

አባቴ ወደ ኋላ ዞረ። እጁን ዘረጋ። ፊቴ ከፊቱ ነበር፣ እጁ ግን አየሩን ዳበሰ፤ የወንበሩን ጫፍ ነካ፣ ጉንጉኔን ነካ፣ ከዚያ ጆሮዬን አገኘና ያዘው። ግንባሬን፣ አፍንጫዬን በጣቶቹ ፈለገ። ደም እንዳለ በጣቱ ነው የፈለገው።

"አባ፣ እዚህ እኮ ነኝ። አታየኝም እንዴ?"

የግንድ መኪናው ሹፌር እየሮጠ እየመጣ ነበር። እናቴ "አያይሽም፣ የኔ ልጅ" አለች።

"ትንሽ አያለሁ" አለ አባቴ። "መሃሉ ላይ እንደ ቁልፍ ቀዳዳ የምታክል አለች። አፍንጫሽ ትታየኛለች። ጆሮሽን ግን ሰርቀውሻል።" ሊያስቀኝ ነበር። ድምፁ ግን ተሰበረና መጨረስ አቃተው። አባቴ ሲያለቅስ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው፤ እኔ እንዳየሁት እሱ አላየም።

"ታርቱ ከተማ ያለው የዓይን ሐኪም ዛሬ ቀጥሮናል" አለች እናቴ። "ቀዶ ሕክምና ነው። ከዚያም በየጊዜው መመላለስ አለ። ለአንድ ቀን ሰው ያደርሰናል፣ ሁልጊዜ ማን ያደርሰናል?"

"ፊንላንድ አትሄጂም?"

"የት?"

"እንደ ካይሪ እናት።"

እናቴ ትክ ብላ አየችኝ፤ ከዚያ ሳቀች፣ ሳቁ መሃል ላይ ልቅሶ ሆነ። "ፊንላንድ! ይቺን ቁልቁለት መውረድ አቅቶኝ!" አቀፈችኝ። ደረቷ ውስጥ ልቧ ሲደልቅ ይሰማኛል። ያን ጊዜ ነው ከትከሻዬ በላይ ወንበሯን ያየችው፤ ቀበቶዋ ተፈትቶ ተንጠልጥሏል። የአባቴም ተንጠልጥሏል። የተንጠለጠለውን ቀበቶ በእጇ ሳበችው።

አባቴ ቀበቶው ሲሳብ ሰማ መሰለኝ። በእጁ ትከሻውን ዳበሰና ባዶ ሆኖ አገኘው። "ቀበቶ" አለ በቀስታ።

እኔን ከኋላ አስቀምጣ አሰረችኝ፣ እሱን አሰረችው፣ ራሷን አሰረች። ቀጭ ሲል ሰማሁ። ድልድዩ ሲከፈት በዝግታ ተሻግረን፣ ሦስታችንም ሄድን።

ሐኪሙ የቀረውን አተረፈለት እንጂ የሄደውን አልመለሰለትም። የቁልፍ ቀዳዳዋ ለተወሰኑ ዓመታት ቆየች፤ የእኔን የምረቃ ቀሚስ ቁራጭ በቁራጭ አይቶባታል፣ ከዚያ እሷም ተዘጋች። በሚቀጥለው መኸር የዳቦውን መኪና የምትነዳው እናቴ ሆነች። የሱቅ ሴቶቹ ዳቦውን ከእጇ ሲቀበሉ ለረጅም ጊዜ ዓይኗን ማየት ያፍሩ ነበር፤ ይበላቸው።

ሰላጤው ላይ ጀርባውን የሰጣት ለምን እንደነበር የነገረኝ በኋላ ነው። ማየት ካልቻለ ማዳመጥ ነበረበት፤ ጀርባውን ለነፋሱ ሲሰጥ ጆሮው ይከለልና የጎማው ድምፅ ጠርቶ ይገባዋል። የሚዞር ጎማ በረዶውን ሲፈጭ ይሰማል፣ የተቆለፈ ጎማ ዝም ይላል። ዝም ሲል እጁን ያነሳላታል፣ እሷ ትለቃለች። ይኸው ነበር ጠቡ።

ዘንድሮ ባሕሩ እንደገና ጠነከረ። እንዲህ ያለ ብርድ ከመጣ ቆይቷል። ልጄ ሊሴ መንጃ ፈቃድ ልታወጣ ነው፤ ወደ ሰላጤው ወሰድኳትና የመኪናዬን የኤቢኤስ ፊውዝ ነቀልኩት። ብርቱካንማዋ መብራት በራች። አባቴ እጄን ይዞ በረዶው መሃል ደረሰ፣ ቆቡን ከጆሮው ላይ አጠፈ፣ ጀርባውን ሰጥቶ ቆመ። እናቴ ዳሌዋን ከታከመች ወዲህ አትነዳም፤ ምርኩዟን ተደግፋ ዳር ላይ ከእኔ ጋር ቆማለች፣ ቀኝ እግሯ በረዶውን ጫን፣ ለቀቅ ያደርጋል። ታውቀው እንደሆነ እንጃ።

ሊሴ አንዴ ተሽከረከረች፣ ደግማ ተሽከረከረች፣ ከዚያ አጠገባችን አቁማ መስኮቱን አወረደች። ከንፈሯ ሊያለቅስ ዳር ዳር ይላል።

"አያቴ ለምንድነው ጀርባውን የሚሰጠኝ? ይሄን ያህል አስጠላሁት?"

አፌን ከፍቼ ነበር፤ እናቴ ቀደመችኝ።

"እየተመለከተሽ ነው" አለቻት። "ሂጂ፣ ንጂ።"